የጀልባ ትሪም ጠቋሚ በርካሽ «ሙሉ ኪት» ሲቀርብላችሁ፣ መጀመሪያ ኬብሉን እዩ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሆናችሁ ቼሳፒክ ላይ በሞተር ጀልባ የምትወጡ ወገኖች፣ ለመካኒካል ትሪም ጠቋሚ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ይህ ጠቋሚ ትሪም ታቡ፣ ማለትም ከጀልባው ኋላ ሥር ያለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስ ጠፍጣፋ ክፍል፣ የት እንዳለ ዳሽቦርድ ላይ የሚያሳይ ነው። «ሙሉ ኪት፣ ከነመግጠሚያው» ተብሎ በርካሽ የሚቀርበውን ተጠንቀቁ። ዳሽቦርድ ላይ የሚቀመጠው ጠቋሚ አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው ያለው ኬብል ግን ከሌላ ጀልባ የተነቀለ ከሆነ የገዛችሁት ጌጥ ነው።

ይህ ዕቃ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከትሪም ታቡ ጋር የታሰረው ኬብል ሲገፋና ሲሳብ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ምልክት አብሮ ይሄዳል፣ በቃ። ጨዋማ ውሃ ሽፋኑ ውስጥ ከገባ ሽቦው ዝጎ ይይዛል። ታቡን የሚያንቀሳቅሰው ሃይድሮሊክ ግን ጉልበተኛ ነው፤ ኬብሉን አጥፎ ወይም ማሰሪያውን ገንጥሎ ታቡን ያወርደዋል። ዳሽቦርዱ አሁንም «ላይ ነው» ይላችኋል። አንዱ ታብ መውረዱን ሳታውቁ በፍጥነት ብትነዱ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ይቀበራል፣ መሪውም ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል። ቤተሰብ ተጭኖበት ይህ እንዲደርስ አንፈልግም።

ኬብሉን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ጫፉን በእጅ ግፉት፣ ሳቡት። ከተንገራገጨ አትግዙ። «ዘይት ጠብ ስታደርግበት ይለቃል» የሚል ሻጭን አትመኑ፤ የዛገ ኬብል ይቀየራል እንጂ አይታከምም። ርዝመቱን ከመምረጣችሁ በፊት መንገዱን በገመድ ለኩ። የተረፈው ተጠቅልሎ ከታሰረ ሰበቃ ይበዛል፣ ምልክቱም ዘግይቶ ይንቀሳቀሳል። ኬብሉ በሚታጠፍበት ቦታ ራዲየሱ ከ20 ሴንቲሜትር አይነስ፤ ከሞተሩ ጭስ ማውጫም ይራቅ።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ ግን የሚመጣው ከጀልባው የኋላ ግድግዳ ነው። ርካሹ ገጣሚ በትራፓኖ ይበሳል፣ ሲሊኮን ይቀባል፣ ይሄዳል። የብዙ ጀልባዎች ግድግዳ በፋይበርግላስ የተሸፈነ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ውሃ በቀዳዳው ሰርጎ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። ጥገናው ከጠቋሚው ዋጋ ብዙ እጥፍ ነው። ትክክለኛው አሠራር ጀልባውን ከውሃ አውጥቶ ቀዳዳውን ከሚፈለገው አስፍቶ መብሳት፣ በወፈረ ኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) መሙላት፣ ሲደርቅ በልኩ እንደገና መብሳት፣ ከዚያ ለባሕር በተሠራ ፖሊዩሪቴን ማሸግ ነው። ኬብሉ የሚወጣበት እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው ጎማ በሁለት የስቴንለስ 316 ፋሸታ ይጠበቅ፤ በየዓመቱ ጀልባው ውሃ ከመግባቱ በፊት ጎማውን ለጥጣችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፣ ካለ ወዲያው ቀይሩት።

ገጣሚው የጠቋሚውን ዜሮ ሲያስተካክልም ቆማችሁ እዩ። ብዙዎች ታቡ እስከመጨረሻ ሲነሳ ዜሮ ብለው ያስራሉ፤ ይህ ስህተት ነው። ቀጥ ያለ ብረት በጀልባው ሆድ ላይ ያስደግፍና ታቡ ከብረቱ ጋር እኩል ሲሆን ዜሮ ይበል። ኬብሉ የታሰረው ከታቡ ሳይሆን ከሞተሩ እግር (ፕሮፔለሩ ካለበት የታችኛው ክፍል) ጋር ከሆነ ደግሞ እግሩን ሙሉ በሙሉ ያንሳ፣ ያውርድ፣ መሪውንም ግራና ቀኝ እስከ ጥግ ያዙር፤ ኬብሉ በየትኛውም ቦታ መወጠር የለበትም። ይህን ፊታችሁ ሳያደርግ ቀሪውን ሒሳብ አትክፈሉ።