ቶሞካ ፒያሳ፦ ለተጣሉም ለታረቁም

እኔና ልጁ ስንለያይ ስንመለስ 3 ዓመት ሞላን። አብሮ አደጌ «የእናንተ ፍቅር እንደ ሰፈራችን መብራት ነው፣ ሲመጣ እልል እንላለን፣ ሲሄድ ሻማ እናወጣለን» ትላለች። በዚህ ሁሉ መሀል፣ አንዴ ከመረጥነው ወዲህ ያልተቀየረው የምንገናኝበት ቦታ ነው፤ ፒያሳ ያለው የድሮው ቶሞካ ካፌ። ስለ ቡናው ብቻ ማወቅ የፈለገ ወደ ታች ይዝለል፣ አልቀየመውም።

ድሮ የምንሄደው ቦሌ አካባቢ ወዳለ አንድ ካፌ ነበር። ስሙ ይቅር። ሶፋ አለው። ችግሩም ሶፋው ነው። ሰው ሶፋ ላይ ከተቀመጠ አይነሳም፣ እሱ ካልተነሳ ደግሞ የድሮ ነገር ይነሳል። አንድ ቀን የቀድሞዋ ለምን ፎቶህን ላይክ አደረገች ብዬ የጀመርኩት ወሬ እናቱ ለፋሲካ ቤታቸው ስሄድ እንዴት በክፉ ዓይን እንዳዩኝ ድረስ ሄዶ፣ እሱም በተራው የኔን ወንድም አንስቶ፣ 3 ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀን፣ በቃ አበቃ ብዬ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል አስተናጋጁ «እህት፣ ሂሳብ!» አለኝ። እንባ እያነቀኝ ብር ቆጠርኩ። ሳየው ያላዘዝነው ኬክ ሂሳቡ ውስጥ ገብቷል። ለኬኩ ስል ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አብረን ተከራከርን፣ አሸነፍን፣ ታረቅን። ለ11 ቀን።

ቶሞካ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። መጀመሪያ ካሸር ጋ ትከፍላላችሁ፣ ደረሰኙን ማሽን ላይ ላለው ልጅ ትሰጣላችሁ፣ ማኪያቷችሁን ይዛችሁ ረጅሙ ጠረጴዛ ጋ ትቆማላችሁ። አለቀ። ሂሳቡ ቀድሞ ስለተዘጋ የተናደደ ሰው በፈለገው ሰዓት ውልቅ ይላል። እኔ ሁለቴ ወጥቻለሁ፣ እሱ አንዴ። ደግሞ ቆሞ መጨቃጨቅ ያደክማል፤ እግር ሲዝል አፍም ይዝላል። ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር ክርን ለክርን ቆማችሁ ድምፅ ከፍ ማድረግም ያሳፍራል። አንዴ በሹክሹክታ ስንነታረክ አጠገባችን ጋዜጣ የሚያነቡ አባት ቀና እንኳ ሳይሉ «ልጆች፣ ቡናው ቀዘቀዘ» አሉን። ጠጣነው። ወጥተን በራስ መኮንን ድልድይ በኩል እስከ አራት ኪሎ በእግራችን ሄድን፣ እዚያ ስንደርስ በምን እንደተጣላን ለሁለታችንም ጠፍቶን ነበር።

(ታኮ ጫማ አድርጋችሁ ግን እንዳትሄዱ። ለመታረቅ ብዬ አምሬ ሄጄ በእግር ህመም ብቻ ልጣላው ምንም አልቀረኝም።)

ወደ ቡናው። ቶሞካ የሚለው ስም «ቶሬፋዚዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚለው ጣሊያንኛ ያጠረ ነው፣ ዘመናዊ የቡና መቁያ እንደማለት። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ነው የተጀመረው። ያኔ ዘመናዊ የነበረው አሁን የአያት ቤት ሽታ አለው፣ እኔ ደግሞ የምወደው ያንን ነው። ገና በሩ ጋ ስትደርሱ የተቆላው ቡና ሽታ ልብሳችሁ ላይ ይሰፍራል። ቡናው ወፍራም ነው፣ ይመራል፣ አይለማመጥም። እኔ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ነኝ፣ እሱ ነጣ ያለ። አንዴ ተለያይተን 2 ወር ከርመን ስንገናኝ እኔን ሳይጠይቅ «አንድ ጠቆር ያለ፣ አንድ ነጣ ያለ» ብሎ ሲያዝ ሰማሁት። ለመቆጣት ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

ለቤት የሚሆን ቡናም ይሸጣሉ፣ ፍሬውንም የተፈጨውንም። ስጦታ ለሚያስብ ሰው ከአበባ ይሻላል፤ አበባ ተናድዶ መጣል ይቻላል፣ ቡና ማን ይጥላል?

አሁን ከተለያየን 5 ሳምንታችን ነው። ስልኩን ብሎክ አድርጌዋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በአብሮ አደጌ በኩል አንድ የቶሞካ ፓኬት ላከልኝ። ከፈትኩት፣ ፍሬ ነው፣ አልተፈጨም። ቤቴ መፍጫ እንደሌለኝ አሳምሮ ያውቃል። መፍጫዬ እሱ ቤት ነው ያለው።