ደብረ ብርሃን፣ የገብስ ገንፎና ያልተቆለፈው መደርደሪያ

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከባለቤቴ ጋር ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት አድረን መጣን። ያረፍነው ስምንት ክፍል ብቻ ባላት ትንሽ ሆቴል ነው። ክፍሎቿ ቁጥር የላቸውም፤ በደራሲ ስም ነው የሚጠሩት። የሆቴሏን ስም እዚህ አልጽፍም። ቅር ያሰኘኝንም ስለምናገር ነው። አብዛኛው ወሬዬ ግን ስለ ምግቡ ነው።

የደራሲ ፎቶ ሰቅሎ ቡና የሚሸጥ ቤት አዲስ አበባም ሞልቷል። እዚህ ግን ባለቤቱ ዝነኛ የተባለውን ሁሉ አልሰበሰቡም። የሸዋን ልጆች ነው የመረጡት። አንዱ ክፍል የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነው፤ የመርሐ ቤቴ ሰው ናቸው። ለእኛ የዳኛቸው ወርቁ ክፍል ደረሰን። የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ለወረደ ሰው የተወለደባት ከተማ እዚያው ናት። ራስጌው ላይ «አደፍርስ» ተቀምጧል። በ1962 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ነው። ጠርዙ በእጅ ብዛት የተበላ አሮጌ ቅጂ ነበር። ለጌጥ የተቀመጠ አለመሆኑን ያየሁት ገና ስገልጠው ነው፤ አንዱ ገጽ ላይ የወጥ ጠብታ አለ።

ምግብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ዘጠኝ ጠረጴዛ ቆጥሬያለሁ። በአንዱ ግድግዳ ልክ የመጽሐፍ መደርደሪያ ቆሟል። መስታወት የለው፣ ቁልፍ የለው። ከጎኑ ስለ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥቂት መስመር ተጽፏል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት ንጉሥ በድርሰትም ይታወቃሉ፤ «መጽሐፈ ብርሃን» የሳቸው ነው። እንዲህ ያለ ቤት ደብረ ብርሃን ላይ መከፈቱ በጣም ደስ አለኝ። ቦታው ነው።

ስንገባ አንድ ተማሪ የሚመስል ልጅ መደርደሪያው ሥር ተቀምጦ ያነባል። ፊቱ አንድ ብርጭቆ ሻይ አለ። ዕቃችንን አስገብተን፣ ከተማውን ዞረን፣ ለእራት ስንመለስ ልጁ እዚያው ነው። ሻዩ አልቋል። ሁለት ሰዎች ቆመው ቦታ ይጠብቃሉ። ልጁን ተነስ ያለው ግን የለም። አስተናጋጇ ወንበር ከሌላ ክፍል አምጥታ ለሰዎቹ አስቀመጠችላቸው። እኔ ይህን ቤት የወደድኩት ያኔ ነው።

የምግብ ዝርዝሩ «ማውጫ» ይባላል። ምግቦቹ በምዕራፍ ተከፍለዋል፤ የግጥም ስምም አላቸው። ያምራል። ግን ምን እንደምበላ አልገባኝም። «የብርድ ማባረሪያ» የሚለውን ሾርባ ነው ብዬ አዝዤ ሽሮ መጣልኝ። ሽሮው ጥሩ ነበር፣ ሞቅ ብሎ በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ነው የቀረበው። ቢሆንም ከስሩ አንድ መስመር ማብራሪያ ቢጨመር ምን አለበት?

ለባለቤቴ የበግ ጥብስ መጣ። ለጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ። በጉ የመንዝ ነው። የመንዝ በግ ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ሥጋው ግን ይጣፍጣል። ጥብሱን በሽንኩርትና በቃሪያ አላጨናነቁትም። ትንሽ የጥብስ ቅጠል፣ ትንሽ ቅቤ፣ አለቀ። አጥንቱ ዳር ያለው ስብ ጠርዙ ድረስ ተጠብሶ ኩርሽም ይላል። ሽሮዬን ትቼ ወደሷ ሳህን ተሻገርኩ። ለሁለት የበቃን ጥብስ 650 ብር ነው። አልተወደደም።

አሁን ወደ ቅሬታው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለች ናት። ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ብርድ ልብሱ ሁለት ድርብ ነው፣ ተመስገን። ታዲያ እንዲህ ባለ ብርድ ሰው ገና በጊዜ ተጠቅልሎ ማንበብ ነው የሚያምረው። ራስጌ መብራት ግን የለም። ያለው ጣሪያው መሐል ያለ አንድ ደብዛዛ አምፖል ነው። መጽሐፉን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ፣ ወደ ጎን አዙሬ ሞከርኩ። ከአምስት ገጽ በኋላ ዓይኔ አለቀሰ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ የድሮ መጽሔቶች በመስታወት ቁም ሣጥን ተደርድረዋል። አንዱን ለማየት ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉ ሒሳብ ሹሙ ጋ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ቤቱ ሄዷል» አለችኝ ልጅቷ።

«ነገስ?»

«ነገ እሑድ ነው፣ አይገባም።»

ልጅቷ አላጠፋችም። ፊቷ ላይ ራሱ ማፈሯ ይታያል። ግን የተቆለፈ መጽሔት እዚያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ታች ልጁን በአንድ ሻይ ሙሉ ቀን ያስነበበ ቤት ላይ መጽሔት ቆልፎ ማደሩ ልቤን ከነከነው። ጠዋት ለባለቤቱ ነገርኳቸው። «ልክ ነህ» አሉኝ። የመብራቱንም ጨምረው ጻፉ። ተስፋ አለኝ።

ቁርሱ ግን ሁሉንም አስረሳኝ። የገብስ ገንፎ ነው። ወጥ ቤት ዘልቄ እንዳይ ፈቀዱልኝ። ምግብ የሚሠሩት እናት ዱቄቱን መጀመሪያ በደረቁ አመስ አመስ ያደርጉታል። ሽታው ሲመጣ ውሃው ይፈላል። ከዚያ እየነሰነሱ በትልቅ ማማሰያ ይመቱታል። ክንዳቸው አያርፍም።

«እትዬ፣ አይደክምዎትም?» አልኳቸው።

«ገንፎ ከተውከው ይጓጉላል ልጄ» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

ቀርቦ ሳየው መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። ቅቤና በርበሬ ሞልቶታል፣ ዳር ዳሩን እርጎ ከቦታል። ከዳር እየቆረሱ መሐል መጥቀስ ነው። አንድም ጓል አላገኘሁም። በርበሬው ያቃጥላል፣ እርጎው ያበርዳል፣ የገብሱ ጣዕም ከሁሉም በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። ባለቤቴ ገንፎ ስትበላ ያየኋት አራስ ሳለች ብቻ ነበር። ያን ቀን እኩል ተሻማን።

ቡናው መካከለኛ ነው፣ ብዙ አልልም። የፈረንጁን ቁርስ አልሞከርኩም፤ አጠገባችን ያዘዙት ሰዎች እንቁላሉ ቀዝቅዞ እንደመጣ ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ለጥምቀት ሰሞን እዚያው ክፍል ይዘናል። «አደፍርስ»ን ያቆምኩበት ገጽ ላይ የአውቶቡስ ቲኬቴን አስገብቼ መጥቻለሁ። እናንተም ከሄዳችሁ ገንፎውን ማታውኑ እዘዙ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ካለፈ አይገኝም።