ኮብልስቶን ለሰፈር መንገድ፦ ድንጋዩስ ጥሩ ነው፣ ከሥሩ ያለው ነው ጉዳዩ

የአዲስ አበባ የሰፈር ኮሚቴዎች ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ገንዘብ ሲያዋጡ ክርክሩ ያው ነው፤ ኮብል ይሁን፣ አስፋልት ወይስ የሲሚንቶ ታይል? ከባድ መኪና ለማይበዛበት መንገድ ምርጫችን ኮብል ነው። የውሃ ቧንቧ ሲፈነዳ ድንጋዩ ተነቅሎ፣ ቧንቧው ተጠግኖ፣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። አስፋልት ይህን አይፈቅድም።

ሁለተኛው ምክንያት ዝናብ ነው። 6 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ 600 ካሬ ሜትር ነው። 30 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 18 ሺህ ሊትር ውሃ ያርፍበታል። አስፋልት ከዚህ 16 ሺህ ያህሉን ቁልቁል ይለቀዋል፤ መጋጠሚያው በአሸዋ የተሞላ አዲስ ኮብል ግን 11 ወይም 12 ሺህ ገደማ። መጋጠሚያው በጭቃ ሲደፈን ይህ ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ «ኮብል ውሃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል፣ ቦይ አያስፈልገውም» የሚል ተቋራጭ አትስሙ። ከእንጦጦ ሥር ያለ ሰፈር ያለ ቦይ መንገድ ሲያነጥፍ ጎርፉን የሚልከው ቀበና ወንዝ ዳር ለሚኖረው ሰው ነው።

መንገዱ የሚበላሸው ከሥር ነው። መጀመሪያ አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ገረጋንቲ ውሃ እየጠጣ ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩ። ሥራ ለማፍጠን የገረጋንቲውን ውፍረት ቀንሰው ጉድለቱን በአሸዋ የሚሞሉ አሉ፤ በመጀመሪያው ክረምት የጎማ ዱካ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ቦሌ አካባቢ እንዳለው ዓይነት ጥቁር አፈር ከሆነ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ተቆርጦ መውጣት አለበት። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ድንጋዩም አብሮት ይነሣል ይወርዳል። በጀት ካነሰ የመንገዱን ርዝመት ቀንሱ እንጂ ከውፍረቱ አትቀንሱ።

ዳርና ዳር ከርብ ስቶን (የጠርዝ ድንጋይ) በአርማታ ካልታሰረ ድንጋዩ ወደ ጎን እየተንሸራተተ መጋጠሚያው ይከፈታል። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ መሙላትም የተለመደ ስህተት ነው። ሲታይ ያምራል፣ ግን አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መኪና ባለፈ ቁጥር የሥሩን አሸዋ ይዞ ይወጣል። ደረቅ አሸዋ ወይም የድንጋይ ብናኝ በመጥረጊያ እየተጠረገ መግባት አለበት፤ ከአንድ ወር በኋላም ይደገም።

ድንጋይ ስትረከቡ ቆጥራችሁ ተረከቡ። 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሆኖ የተጠረበ ድንጋይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 90 ይገባል፤ ክብደቱ 220 ኪሎ ገደማ ነው። 5 ቶን የጫነ አይሱዙ የሚሸፍነው 22 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ መሆኑን አስቡ። ከታች ሾጥጦ የመጣውን መልሱት፤ ሥር የሌለው ድንጋይ በጎማ ይገለበጣል።

ለቧንቧ የተቆፈረውን መልሶ መሙላት ላይ ብዙ ሰፈር ይሸነፋል። አፈሩ በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ድንጋይ ይደረደርበታል፣ ሐምሌ ላይ ይሰምጣል። በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ሲጠቀጠቅ ግን አይሰምጥም። ከሁሉ የሚሻለው ከማንጠፍ በፊት በየቤቱ ትይዩ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ቱቦ መንገዱን አቋርጦ መቅበር ነው፤ በኋላ መስመር የሚፈልግ ሰው በዚያ ያሳልፋል።

ኮብል የማይመቸው ለዊልቸርና ከዘራ ይዘው ለሚሄዱ አረጋውያን ነው። በአንድ ጎን 1 ሜትር ተኩል ስፋት ያለው የለሰለሰ ታይል ይግባ፤ ይህን የሚያስቀር ኮሚቴ እናቶቻችንን ቤት እየዘጋባቸው ነው። ጥቁር ድንጋይ ፀሐይም ያከማቻል፤ ለዛፍ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ክፍት አፈር በየተወሰነ ርቀት ይተው።

ርክክብ ላይ የ3 ሜትር ስታጅ (ቀጥ ያለ መለኪያ ዘንግ) አስተኙበት፤ ከሥሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ካለ ይነቀል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ መሐል ላይ ድፉ፤ ወደ ቦዩ መሄድ አለበት፣ ወደ ማንም በር አይደለም። ከክፍያውም የተወሰነው መስከረም እስኪጠባ ይያዝ።