ልጃችሁን «ሩማቲክ ነው» ተብላችሁ በየወሩ የምታስወጉ፣ ይሄን አንብቡ

የልጄን የህክምና ፋይል የተቀበልኩት ዛሬ ጠዋት ነው፣ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

የዶክተሮቹን አይነት ታውቁታላችሁ። ካርድ፣ ላብራቶሪ፣ ወረቀቱን በጨረፍታ አየት፣ «በወሩ ተመለሱ»። ልጄ 9 አመቱ ላይ መዳፉንና ውስጥ እግሩን ያቃጥለኛል ማለት ሲጀምር መጀመሪያ «እያደገ ስለሆነ ነው» አሉን፣ ቀጥሎ ኤኤስኦ የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሏል ተብሎ ሩማቲክ ሆነ፣ ከዛ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ መጨረሻ ላይ ደሞ «ትምህርት ጠልቶ ነው»። ኤኤስኦ እኮ የሚያሳየው የጉሮሮ ባክቴሪያ ከዚህ በፊት ይዞት እንደነበር ነው፣ ለብቻው ሩማቲክ ነው አያስብልም። መገጣጠሚያው አንድ ቀን እንኳን አብጦ የማያውቅ ልጅ 4 አመት በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ተወጋ።

በሽታው ፋብሪ ነው፣ በዘር የሚመጣ። የጠረጠረችው የአይን ሐኪም ናት፣ ለመነጽር ወስጄው አይኑ ላይ እንደ አዙሪት የተጠቀለለ መስመር አይታ «ላብ ያልበዋል?» አለችኝ። ክው ነው ያልኩት። አልፋ ጋላክቶሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም የለውም ማለት ይቻላል፣ እሱ መስበር የነበረበት ስብ ነርቩና ኩላሊቱ ውስጥ ሲጠራቀም ኖሯል።

እና ዛሬ ፋይሉን ስገልጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በዶክተሩ በራሱ እጅ «ላብ የለውም» ተጽፏል። ቀኑን አስታውሰዋለሁ፣ ስነግረው ሳቅ ብሎ «ታድለሻል፣ ልብስ ማጠብ ቀለለልሽ» አለኝ፣ እኔም አብሬው ሳቅኩ። ገለጥ ሳደርግ ከ3 አመት በፊት የተሰራ የሽንት ውጤት፣ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ (ኩላሊት ሲጎዳ የሚታይ)፣ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። ተከቧል! አይቶታል ማለት ነው። «ዶክተር፣ ይሄን አይተውት ነበር?» አልኩት። ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «በሌላም በሽታ ይታያል፣ ኢንተርኔት አታንብቢ» ብሎኝ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ካሸሯ ደሞ የኮፒውን ካልከፈልሽ አይወጣም አለችኝ።

በሽታው ብርቅ ነው፣ አላወቀውም ብዬ አልፈርድበትም። አላውቅም ብሎ ወደሚያውቅ ቢልከን ምን ነበረበት?

ከሱ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን እኔ ነኝ። ሲወጋ እግሩን ጭምቅ አርጌ የምይዘው እኔ፣ ፀሐይ ላይ ሲሮጥ ተቃጠልኩ እያለ ሲያለቅስ አይስነፍ ብዬ ለአስተማሪው «እንዳትተዉት» ያልኩት እኔ። የኔም እግር እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ያቃጥለኛል፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጂኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ኢንዛይሙ በደም ስር ይሰጠዋል፣ የተጎዳውን ኩላሊት ግን አይመልሰውም።

መርፌውን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ እውነተኛ ሩማቲክ የልብ በር ያበላሻል። ግን ህመሙ የሚያቃጥል ከሆነ፣ በሙቀትና በትኩሳት ከባሰ፣ ላብ ከሌለው፣ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ ጠቆር ያለ ቀይ ነጠብጣብ ካያችሁ ፋብሪን ጠይቁ። ለወንድ የኢንዛይም የደም ምርመራ ይበቃል፣ ሴት ላይ ኢንዛይሙ ደህና ሊመስል ስለሚችል የጂን ምርመራ ነው። የእያንዳንዱን ውጤት ኮፒ በዛው ቀን ውሰዱ።

ቅዳሜ የታናሽ እህቱ ተራ ነው።