ለሰሜን ሸዋ መንገድና አየር የሚሆን የሙዮን መከታተያ፦ የሦስት ንድፎች ንጽጽር

ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ያወርዳል። ከከባቢ አየር የሚወርዱትን ሙዮኖች፣ ማለትም የጠፈር ጨረር አየሩን ሲመታ የሚፈጠሩትን ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ለሚያጠና የፊዚክስ ላቦራቶሪ ይህ ውድ ሀብት ነው። በባሕር ጠለል በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር በደቂቃ አንድ ያህል ሙዮን ያልፋል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ብዛቱ ይጨምራል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ደግሞ ከላይ ያለው ዐለት ብዛቱን ይቀንሰዋል። ይህን ሁሉ የሚለካው መሣሪያ ግን በመኪና ተጭኖ ከውርጭ ወደ ቆላ ሙቀት የሚወርድ ስለሆነ፣ ገዢው ከብርሃን ጥራቱ አስቀድሞ አካሉን፣ ማለትም ፍሬሙንና ገጣጠሙን፣ መመርመር አለበት ብዬ አምናለሁ።

የሦስቱም ንድፎች አሠራር አንድ ነው። ሙዮን በፖሊስታይሪን ፕላስቲክ ውስጥ ሲያልፍ በየሚሊሜትሩ 0.2 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ያህል ጉልበት ይተዋል፤ ፕላስቲኩ ይህን ወደ ሰማያዊ ብልጭታ ይለውጠዋል፤ ብልጭታውም እስከ ጫፍ ተጉዞ በብርሃን ዳሳሽ ይነበባል። አንዱ ንጣፍ እንደ ድር፣ ሌላው እንደ ማግ ተሻግሮ ሲነባበር ሙዮኑ ያለፈበት ነጥብ ይታወቃል። ሁለት እንዲህ ያሉ ጥንድ ንጣፎች አንድ ሜትር ተራርቀው ሲቆሙ ደግሞ የመጣበት አቅጣጫ ይገኛል።

የመጀመሪያው ምርጫ 250 ማይክሮሜትር ውፍረት ካለው ፋይበር፣ ማለትም ከዚሁ ፕላስቲክ ከተበጀ ቀጭን ክር፣ የሚሠራ ምንጣፍ ነው። የዚህ ንድፍ ታላቁ ምሳሌ በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማእከል በሰርን የሚገኘው ኤልኤችሲቢ የተባለው ሙከራ መከታተያ ሲሆን፣ በውስጡ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ፋይበር አለ። ፋይበሩ ቦይ በተቀረጸለት ትልቅ መንኰራኩር ላይ በ0.275 ሚሊሜትር ርቀት በስድስት ረድፍ ይጠመጠማል፤ ነጭ የታይታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት በተቀላቀለበት ኢፖክሲ ይጣበቃል፤ ከዚያም ተቆርጦና ተዘርግቶ፣ የማር እንጀራ በሚመስል ቀላል እምብርትና በስስ የካርበን ፋይበር ገጾች መካከል ይታሸጋል። ስድስት ረድፍ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ አንድ ቀጭን ፋይበር ብቻውን ወደ አንዱ ጫፍ የሚልከው 20 ያህል ፎቶኖችን (የብርሃን ቅንጣቶችን) ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ በመንገድ ላይና በዳሳሹ ላይ ይጠፋሉ። የሚገኘው የቦታ ልኬት ከ0.1 ሚሊሜትር ያነሰ ስሕተት ያለው በመሆኑ እጅግ ያስደንቃል፤ ይሁን እንጂ አንድ ሜትር ስፋት ላለው ንጣፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 4,000 የንባብ መስመር፣ ማለትም ለየብቻ የሚነበብ የዳሳሽ መውጫ፣ ይፈልጋል፤ አንድ ምንጣፍ ቢጎዳም በአካባቢው የሚጠግነው የለም።

ሁለተኛው አንድ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፋይበር በሁለት ረድፍ ተደርድሮ፣ የላይኛው ረድፍ በታችኛው ክፍተት ላይ እንዲያርፍ ግማሽ እርምጃ የተዛወረበት ንድፍ ነው። ድርብ ሽፋን ያለው ፋይበር ከተመረጠ ወደ አንዱ ጫፍ የሚጓዙት ፎቶኖች 80 ያህል ይደርሳሉ። ስሕተቱ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ላይኛውና ታችኛው ፋይበር ተጣምረው ወደ አንድ ዳሳሽ ከገቡም የንባብ መስመሩ በአንድ ሜትር ወደ 1,000 ይወርዳል። ረድፎቹን ለመደርደር ቦይ የተቀረጸበት ሰሌዳ ብቻ ስለሚያስፈልግ፣ በጥንቃቄ የሚሠራ የፍሬዛና የቶርኖ ባለሙያ ሰሌዳውን ሊያወጣው ይችላል።

ሦስተኛው አንድ ሳንቲሜትር በአንድ ሳንቲሜትር የሆነ የፕላስቲክ ዘንግ ሲሆን፣ በመካከሉ በተበጀ ቀዳዳ ወይም ቦይ ውስጥ ሰማያዊውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ አረንጓዴ የሚለውጥ ፋይበር ይገባል። ብርሃኑ ብዙ፣ የንባብ መስመሩ በሜትር 100 ብቻ ነው። ስሕተቱ ወደ 3 ሚሊሜትር ያድጋል። ይህ ብዙ መስሎ የሚታየው ገዢ ሒሳቡን ይሥራው፦ ንጣፎቹ አንድ ሜትር ከተራራቁ የአቅጣጫው ስሕተት 50 ሜትር ርቆ በሚገኝ ዐለት ላይ 20 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ከዋሻ በላይ ያለውን ተራራ ለመመዘን ከዚህ የረቀቀ ልኬት አያስፈልግም። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ንጣፍ ከ10 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን፣ አራቱ ንጣፎች ፍሬሙ ሳይቆጠር 42 ኪሎ ግራም ይሆናሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፍሬሙ፣ እንምጣ። ሻጮች የካርበን ፋይበር ፍሬም ከአሉሚኒየም ይበልጣል ብለው ያቀርባሉ፤ ስለ ቅለቱና ስለ ጥንካሬው ትክክል ናቸው። ስለ ሙቀት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በደብረ ብርሃን ማለዳ በ10 ዲግሪ የተገጠመ አንድ ሜትር ፋይበር ሸዋ ሮቢት ላይ 35 ዲግሪ ሲደርስ 1.75 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ አሉሚኒየሙ 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይረዝማል፤ ካርበን ፋይበሩ ደግሞ ከቦታው የማይነቃነቅ ያህል ነው። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ የታሰረ ፋይበር በአሉሚኒየም ላይ እንኳ ትርፉ ርዝመት መሄጃ አጥቶ መካከሉ 2 ሳንቲሜትር ያህል ሊጎብጥ ይችላል፤ በካርበን ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔም ፋይበሮቹን ዳርና ዳር በኢፖክሲ አጣብቄ የሠራሁት ንጣፍ በመጀመሪያው የቆላ ጉዞው ስለ ጎበጠብኝ፣ የወራት ድካሜን ፈትቼ እንደገና ለመጀመር ተገድጃለሁ። የሰርኑ ምንጣፍ ይህ የማያገኘው ሙሉ ገጹ በጠንካራ ሽፋኖች መካከል ስለተጣበቀና እንደ እኛ መሣሪያ በየአየሩ ስለማይጓጓዝ ነው። ተጓዥ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ፍሬሙ ከምን ተሠራ ከማለት ይልቅ ፋይበሩ በዳሳሹ በኩል ብቻ ታስሮ ሌላው ጫፍ በመስታወት ተሸፍኖ በነፃነት ይንሸራተታል ወይ ብሎ ይጠይቅ። በዚህ ረገድ ሦስተኛው ንድፍ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ዘንጉም በውስጡ ያለው ፋይበርም ፖሊስታይሪን ስለሆኑ አብረው ይረዝማሉ፣ አብረው ያጥራሉ፤ ሣጥኑ ትንሽ ክፍተት ከተወላቸው በቂ ነው።

የዳሳሽ ምርጫው ለከፍታችን ቀላል ነው። ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ የሚያጎላው ባለብዙ መስመር የፎቶመልቲፕላየር ቱቦ ከ800 እስከ 1,000 ቮልት ይፈልጋል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ደግሞ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። ብዙ የላቦራቶሪ የኃይል ምንጮች ዋስትና የተሰጣቸው እስከ 2,000 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ያንኑ ሥራ በትንሽ ቺፕ የሚሠራው የሲሊከን ፎቶመልቲፕላየር በጥቂት አሥር ቮልት ስለሚሠራ ከዚህ ስጋት ነፃ ነው። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ዓይነቶች የመነሻ ቮልቴጃቸው በአንድ ዲግሪ 54 ሚሊቮልት ያህል ስለሚለወጥ፣ በ25 ዲግሪ ልዩነት ከ1.3 ቮልት በላይ ይዛባል፤ ከመነሻው በላይ የሚሰጣቸው የሥራ ትርፍ ቮልቴጅ 3 ቮልት ገደማ በመሆኑ ይህ ብዙ ነው። ቮልቴጁን ከሙቀቱ ጋር በራሱ የማያስተካክል መሣሪያ አይገዛ።

የቀሩት የገጣጠም ጉዳዮች አጭር ናቸው። በፋይበሩና በዳሳሹ መካከል ቅባት ሳይሆን የሲሊኮን ንጣፍ ይሁን፤ ቅባት በሙቀትና በመንገድ ንዝረት ይፈሳል። ፋይበር ሲጠመዘዝ የጥምዙ ራዲየስ ከውፍረቱ 100 እጥፍ ባያንስ ይመረጣል። አሴቶን ፖሊስታይሪንን ስለሚያሟሟ በአጠገቡ አይድረስ። መገጣጠሙም ከቀጥተኛ ፀሐይ ርቆ ይከናወን።

በእነዚህ ምክንያቶች ለዋሻና ለከፍታ ልኬት ለሚገዛ ላቦራቶሪ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው ፋይበር ደርድረው እንዲማሩ ለሚፈልግ ክፍል ሁለተኛውን፣ ቋሚና ሙቀቱ የተጠበቀ ክፍል እንዲሁም ከፍተኛ በጀት ላለው ብቻ የመጀመሪያውን እመክራለሁ። ማንኛውም ሻጭ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መሣሪያውን በደብረ ብርሃን ለአንድ ሌሊት ሙዮን አስቆጥሮ፣ ሸዋ ሮቢት አውርዶና መልሶ፣ በዚያው ቦታ ለሌላ ሌሊት እንዲያስቆጥር በውሉ ይጻፍ፤ የሁለቱ ሌሊቶች ቁጥር በየመስመሩ ይመሳከር፤ የአየር ግፊት ለውጥ ሁሉንም መስመሮች በአንድነት ከፍ ወይም ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የቀነሰው መስመር ገጣጠሙ የላላበትን ቦታ ያሳያል።