የካልጋሪ ሂትመን የሲዝን ቲኬት፦ ሙሉውን ዓመት ካየን በኋላ

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ለቤተሰባችን የካልጋሪ ሂትመንን የሲዝን ቲኬት ገዛን፤ ሂትመን እዚህ ካናዳ ያለ የበረዶ ላይ ሆኪ ቡድን ነው፣ ቲኬቱም በሜዳው የሚያደርገውን ጨዋታ ሁሉ ያስገባል። ሦስት ወንበር። አንዱ የኔ፣ አንዱ የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ ሦስተኛው የባለቤቴ ነበር፤ ባለቤቴ ግን የማታ ፈረቃ ስለበዛባት ወንበሩ በዚያው የእናቴ ሆኖ ቀረ። እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ብርድ አትወድም። ያም ሆኖ ከሁላችንም በላይ ብዙ ጨዋታ ያየችው እሷ ናት።

ከዚያ ወዲህ ቤተክርስቲያን ግቢም ሆነ ቡና ላይ ያገኘኝ ሀበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ያዋጣል ወይ?» ያዋጣል። ግን ለምን እንደሚያዋጣ በሁለት ቃል መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ልጻፈው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ጁኒየር ሆኪ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች የሚጫወቱት ነው። ሂትመን ያለበት ዌስተርን ሆኪ ሊግ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመ ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በ2024-25 ሲዝን 22 ቡድኖች ነበሩት፤ ከማኒቶባ እስከ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ከድንበር ማዶም የአሜሪካ ግዛቶች ዋሽንግተንና ኦሪገን ድረስ። አንድ ቡድን በመደበኛው ሲዝን 68 ጊዜ ይጫወታል፤ 34ቱ በሜዳው ነው። ኦንታሪዮና ኩቤክም የየራሳቸው ሊግ አላቸው። የሦስቱ ሊጎች ሻምፒዮኖችና አስተናጋጁ ቡድን መጨረሻ ላይ ለሜሞሪያል ካፕ ይገናኛሉ። ዋንጫው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የካናዳ ወታደሮች መታሰቢያ እንዲሆን በ1919 የተጀመረ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ጨዋታ አይታችሁ አትፍረዱ። እኔ የመጀመሪያው ማታ ፓኩ (በኳስ ፈንታ የሚመቱት ነገር) የት እንዳለ እንኳ ማየት አቅቶኝ ነበር። ያደግኩት አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጬ ኳስ እያየሁ ነው፤ ዓይኔ ኳስን መከተል ለምዷል። ይሄ ግን ጥቁር፣ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ የጎማ ቁራጭ ነው፤ እንዳይነጥር ብለው ከጨዋታ በፊት በረዶ ቤት ያቀዘቅዙታል፤ ከተመታ በኋላ የምታዩት የበረኛውን ጓንት ብቻ ነው። ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ፓኩን መፈለግ ትቼ ልጆቹን ማየት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የምትከፍሉት ለጨዋታ ሳይሆን ሃያ ምናምን ልጆች በስድስት ወር ውስጥ ሲያድጉ ለማየት ነው። መስከረም ላይ ትከሻው ያልሞላ፣ በተገፋ ቁጥር አጥሩ ላይ የሚለጠፍ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መጋቢት ላይ የሃያ ዓመቱን ጎረምሳ ገፍቶ ፓክ ሲቀማ ታያላችሁ። ይሄ በአንድ ማታ ቲኬት አይገኝም።

ለምሳሌ የሂትመኑ ቤን ኪንደል። ሲዝኑ ሲጀመር ስሙን አላውቀውም ነበር። ያኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፣ ግዙፍም አይደለም። ግን ሌላው ወደ ፓኩ ሲሮጥ እሱ ፓኩ ወደሚመጣበት ቦታ ቀድሞ ይሄዳል። አባትና እናቱ እግር ኳስ ተጫዋቾች እንደነበሩ፣ ሁለቱም ለካናዳ እንደተጫወቱ በኋላ ስሰማ «አሃ!» አልኩ፤ ክፍት ቦታ የሚያይበት ዓይን የኳስ ሰው ዓይን ነው። ሲዝኑን በ35 ጎልና በ64 አሲስት (ለጎል ያቀበለው ኳስ ማለት ነው)፣ በድምሩ በ99 ነጥብ ጨረሰ። ሰኔ ላይ ፒትስበርግ ፔንግዊንስ በኤንኤችኤል ድራፍት፣ ማለትም የትልቁ የባለሙያዎች ሊግ ቡድኖች ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ቀን፣ 11ኛ አድርጎ ወሰደው። ልጄ ያን ዕለት ቤት ውስጥ የጮኸው ጩኸት የራሱ ወንድም የተመረቀ ነበር የሚመስለው።

እናቴ ደግሞ ጨዋታውን ከመውደዷ በፊት የልጆቹ ኑሮ ነው ያሳሰባት። «እነዚህ ልጆች የማን ናቸው? የት ነው የሚያድሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። አብዛኞቹ ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው። ቡድኑ ከተማው ውስጥ ካሉ ቤተሰቦች ጋር ያስቀምጣቸዋል፤ ቢሌት ይሏቸዋል። እዚያ ይበላሉ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ይህን ስነግራት ወዲያው ገባት። እኛም ዘንድ እኮ ከገጠር መጥቶ አክስቱ ቤት ተቀምጦ የሚማር ልጅ ብርቅ አይደለም። «ትምህርታቸውስ?» አለች ቀጥላ። እዚህ ላይ ሊጉን አመሰግናለሁ፤ አንድ ልጅ በተጫወተው እያንዳንዱ ሲዝን የአንድ ዓመት የኮሌጅ ክፍያና የመጽሐፍ ወጪ ይያዝለታል። ልጁ ሆኪ ያማረው ሀበሻ ወላጅ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ያልወደድኩትንም ልናገር። አንደኛ፣ ድብድቡ። ጓንት ጥለው ፊት ለፊት ይቧቀሳሉ፤ ቅጣቱ አምስት ደቂቃ ውጪ መቀመጥ ነው። እናቴ የመጀመሪያውን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ «እናት የላቸውም እንዴ?» አለች። እኔም እስከዛሬ አልለመድኩትም። አዋቂ በፈቃዱ ይደባደብ፤ ልጅ ሲደባደብ አሥር ሺህ ሰው ቆሞ ማጨብጨቡ ልክ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ዝውውሩ። ጥር ላይ የዝውውር ጊዜው ሳይዘጋ ቡድኖች ልጆች ይለዋወጣሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ማክሰኞ እዚህ ክፍል ገብቶ ሐሙስ ሌላ ፕሮቪንስ፣ ሌላ ቤት፣ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ መንገዱ። በጥር ብርድ ሌሊቱን በአውቶቡስ ሰፊውን ሜዳማ አገር አቋርጠው ነው የሚመለሱት። በታኅሣሥ 1986 የዚሁ ሊግ ቡድን የስዊፍት ከረንት አውቶቡስ ተገልብጦ አራት ተጫዋቾች ሞተዋል፤ በሌላ የጁኒየር ሊግ ደግሞ በ2018 የሀምቦልት ቡድን አውቶቡስ ከከባድ መኪና ጋር ተጋጭቶ 16 ሰው አልቋል። እናቴ እንግዳው ቡድን ቢያሸንፈንም «በሰላም ያግባቸው» ሳትል አትነሳም።

ከሁሉም አንድ ቀን ብቻ መሄድ የምትችሉ ከሆነ ግን የአሻንጉሊት ድብ የሚወረወርበትን ቀን ምረጡ። በየዓመቱ ከገና በፊት ነው። ሰው ሁሉ ድብ ይዞ ይመጣል፤ ሂትመን የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በረዶው ይወረውራል። ልማዱ በ1993 ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ባለችው ካምሉፕስ ከተማ ነው የተጀመረው፤ ካልጋሪ ግን በ2015 በአንድ ማታ 28,815 ድብ ሰብስቧል። ድቦቹ ለሆስፒታልና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ይሄዳሉ። ልጄ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ ድብ ይዞ ነበር። ጎሉ እስኪገባ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞት ቆየ። ከዚያ ሰማዩ ድብ ብቻ ሆነ። ከላይ የተወረወሩት ያልደረሱ እንደሆነ ከፊት ያለው ሰው እያነሳ ደግሞ ይወረውራቸዋል፣ ሁላችንም ፀጉራችን ላይ የድቦቹ ጸጉር ተራግፎብናል፣ እናቴ በሁለት እጇ ነው የወረወረችው። ልጄ አልወረወረም። የበረዶው ነጭ ጠፍቶ በድብ ሲሸፈን ቆሞ አየ፣ ተጫዋቾቹ እየገፉ መሰብሰብ ሲጀምሩ ድቡን ሳም አድርጎ ለቀቀው።

ሌላው ትልቅ ነገር ሜዲስን ሀት ወደምትባል ከተማ ያደረግነው ጉዞ ነው። በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ሕዝቡ ከ60,000 ብዙም አይበልጥም፤ በጨዋታ ቀን ግን የከተማው ወሬ ሁሉ ቡድናቸው ታይገርስ ነው። የሄድነው ጋቪን መኬናን ለማየት ነበር። ከዩኮን፣ ከኋይትሆርስ የመጣ ልጅ ነው፤ በታኅሣሥ 2024 ነው 17 የሞላው። በዚያ ሲዝን በ56 ጨዋታ 41 ጎልና 88 አሲስት፣ 129 ነጥብ። ቁጥሩን ትታችሁ ፓኩን ሲቀበል እዩት። አይቸኩልም። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ ተከላካዩ ትዕግሥት አጥቶ እግሩን ሲያነሳ በዚያች ቀዳዳ ያሳልፋል። ታይገርስ የሊጉን ዋንጫ ስፖኬን ቺፍስን አሸንፎ ወሰደ። ኩቤክ ውስጥ ሪሙስኪ ላይ በተደረገው የሜሞሪያል ካፕ ፍጻሜ ግን የኦንታሪዮው ለንደን ናይትስ 4 ለ 1 ረታቸው። እኛን ሂትመንን ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ባለው ጥሎ ማለፍ በሁለተኛው ዙር ያስወጣን የሌትብሪጅ ቡድን ነው፤ ቤታችን ለሁለት ቀን ሐዘን ቤት መስሎ ነበር።

መኬና ወደ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሄዷል። ይሄ ለቲኬት ገዢ ጉዳይ አለው። ድሮ በእነዚህ በሦስቱ ሊጎች የተጫወተ ልጅ ለአሜሪካ ኮሌጅ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር፤ ሕጉ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ተቀይሯል። ለልጆቹ ጥሩ ነው። ለኛ ግን የወደድነው ልጅ 18 ሲሞላው ቶሎ ሊያመልጠን ይችላል ማለት ነው።

ልጄ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጫወት ፈለገ፤ እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። የበረዶ ጫማ፣ ከሥሩ የብረት ስለት ያለውን መንሸራተቻ፣ የገዛሁለት አንድ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ነው። ሻጩ «ያድግበታል» ብሎ ከእግሩ ትልቅ ሰጠኝ፤ ስለቱን መሳልም እንዳለበት አልነገረኝም። ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁርጭምጭሚቱ እየተጣመመ ወደቀ። ፈርቶ ነው ብዬ ተቆጣሁት፤ ዛሬም ይቆጨኛል። በረዶው ዳር የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው ብረቱን በጥፍራቸው ዳስሰው «ይሄ እኮ ተስሎ አያውቅም» ያሉኝ። የበረዶ ጫማ ከተራ ጫማ ቁጥር ወረድ ይላል፣ አዲስ ሲገዛም መሳል አለበት። ይህን ሳትጠይቁ ከሱቅ አትውጡ።

ሂትመን በሚጫወትበት በሳድልዶም አዳራሽ ጣሪያ ላይ የጃሮም ኢጊንላ 12 ቁጥር ተሰቅሏል። ኤድመንተን የተወለደ፣ አባቱ ናይጄሪያዊ፣ በካምሉፕስ ጁኒየር ቡድን በ1994 እና በ1995 ሜሞሪያል ካፕ የወሰደ፣ በኋላም የካልጋሪው የኤንኤችኤል ቡድን የፍሌምስ አምበል የነበረ ሰው ነው። ልጄ ገብቶ ከመቀመጡ በፊት ሁልጊዜ ቀና ብሎ ያየዋል። ምንም አልነገርኩትም፤ ራሱ ነው አንብቦ ያወቀው።

ለመሄድ ካሰባችሁ፦ ከሰሜን ምሥራቅ በሰማያዊው ባቡር መጥታችሁ ዳውንታውን ላይ ወደ ቀዩ ቀይሩና ቪክቶሪያ ፓርክ ውረዱ። ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ ያዙ። ዋጋው ከኤንኤችኤል ጋር አይወዳደርም፤ በጣም ይረክሳል። የማክሰኞና የረቡዕ ማታ ጨዋታዎች ትምህርት ላለው ልጅ ይከብዳሉ፤ እኛ የማንሄድባቸውን ለጎረቤቶቻችን እየሰጠን ነው የጨረስነው። 34ቱን ማየት የማትችሉ ከሆነ ጥቂት ጨዋታ የያዘ ጥቅል ይሻላችኋል።

ወንበር ስትመርጡ መስታወቱ ሥር አትሂዱ፤ አጥሩ ይጋርዳል። ስምንተኛ፣ ዘጠነኛ ረድፍ ጥሩ ነው። ጨዋታው ሦስት ክፍለ ጊዜ አለው፣ ቡድኖቹ በየክፍለ ጊዜው ጎን ይቀያየራሉ፤ ስለዚህ ሂትመን በአንደኛውና በሦስተኛው የሚያጠቃበት በኩል ብትቀመጡ ብዙ ጎል በቅርብ ታያላችሁ። እኛ ለአዲሱ ሲዝን ስናድስ ግን ወደ ሌላኛው ጫፍ ተዛውረናል። እናቴ ናት የጠየቀችው፤ በረኛችንን በቅርብ ማየት ትፈልጋለች። «ሁሉም ሲሮጥ እሱ ብቻውን ነው የሚቆመው» አለች።