የኤፍኤል ስቱዲዮ አዲሱ ፊት ወይስ ሪፐር? ወሎ ውስጥ ስቱዲዮ ለሚከፍት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ሙዚቃ በሚያቀናብሩ ልጆች መካከል አንድ ክርክር አልለቅ ብሏል። ኤፍኤል ስቱዲዮና ሪፐር ሙዚቃ በኮምፒውተር የሚቀናበርባቸውና የሚቀዳባቸው ፕሮግራሞች ናቸው፤ ከስማቸው ጋር ያለው ቁጥር ቨርዥናቸው ነው። ግማሹ «ኤፍኤል ስቱዲዮ 11ን የሚያህል የለም፣ አዲሱ ፊቱ ያደናግራል» ይላል። ግማሹ ደግሞ አሮጌውን የያዘ ሰው ሲያይ ይስቃል። ገንዘብ ቋጥሮ «የቱን ልግዛ?» ብሎ የመጣው ሰው ግን መልስ ሳያገኝ ይመለሳል። ስለዚህ መልሱ ይቅደም፦ ማሲንቆ፣ ክራርና የሰው ድምፅ የሚቀዳ ሪፐርን ይግዛ። ቢት (የዘፈን ምትና አጃቢ) ብቻ የሚሠራ ኤፍኤልን ይያዝ። 11 ላይ መቆየት ለማንም አያዋጣም፤ ምክንያቱ ግን መልኩ አይደለም።

መልኩ የተቀየረው እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው 12 ጀምሮ ነው። የ11 ቁልፎች መጠናቸው የማይለወጥ ሥዕሎች ስለነበሩ ጥራቱ ከፍ ባለ ስክሪን ላይ ጉንዳን ያክላሉ። 12 ሁሉንም እንደገና ስሎ፣ እንደ ስክሪኑ የሚሰፋና የሚጠብብ አደረገው። የአሮጌው ወዳጆች ቅሬታም ውሸት አይደለም። እዚህ በብዛት የሚሸጠው ያገለገለ ላፕቶፕ ስክሪኑ 1366 በ768 ነው፤ አዲሱ ሚክሰር (የትራኮቹን ድምፅ የምታመጣጥኑበት መስኮት) እዚያ ላይ ሲከፈት ፕሌይሊስቱን (ዘፈኑ የሚደረደርበትን) ይሸፍነዋል። መላው ቀላል ነው። ሚክሰሩ ራሱ ላይ ካለው ሜኑ «ኮምፓክት» የሚለውን ምረጡ፣ ከጄኔራል ሴቲንግስ ደግሞ የገጽታ መጠኑን ወደ 100 በመቶ አውርዱ። ቦታው የጠፋባችሁን ነገር በማውስ ከመፈለግ ይልቅ በኪቦርድ ጥሩት፦ ኤፍ 5 ፕሌይሊስት፣ ኤፍ 6 ቻናል ራክ (ድሮ ስቴፕ ሲኩዌንሰር የምትሉት)፣ ኤፍ 7 ፒያኖ ሮል (ኖታ የሚጻፍበት)፣ ኤፍ 9 ሚክሰር። እነዚህ በ11ም በአዲሱም ያው ናቸው። ለአንድ ሳምንት ማውሱን ትቶ በእነዚህ የሠራ ሰው መልኩን ይረሳዋል።

11ን የሚጥለው ምቱ ነው። ጭክጭካ 6/8 ነው። በድሮው ኤፍኤል ይህን የምታገኙት በማታለል ነበር፦ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ገብቶ በአንድ ምት ውስጥ የሚገቡትን ስቴፖች 3 ማድረግ። ዘፈኑ በጭክጭካ ጀምሮ መሀል ላይ ወደ 4/4 ሲዞር ግን መስመሩ አይዞርም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከባሩ ጋር ይጣላል። ዘፈን መሀል ላይ ምት መቀየር የተቻለው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 20 ነው። (ከ12 ወደ 20 የዘለሉት ለ20ኛ ዓመታቸው ነው፤ 15ን ወይም 17ን «አለኝ» የሚላችሁ ሰው ካለ ፍላሹን አትንኩ።)

ሁለተኛው ጣጣ ቅጂው ነው። በፍላሽ የሚዞረው 11 ሁሉ ማለት ይቻላል ክራክ (ሳይከፈልበት መቆለፊያው የተሰበረ) ነው። ጫኚው መጀመሪያ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላችኋል፤ ቫይረሱ የሚገባው በዚያች ደቂቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጫነውም የ32 ቢቱ ነው፤ ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም ቢኖረውም ፕሮግራሙ ከ4 በላይ አይነካም። ከበድ ያለ የመሣሪያ ድምፅ ስትጭኑ የሚዘጋባችሁ ለዚህ እንጂ ኮምፒውተሩ ስላረጀ አይደለም። ደግሞ አሮጌው ላይ የተሠራ ፕሮጀክት አዲሱ ላይ ይከፈታል፣ አዲሱ ላይ የተሠራ ግን አሮጌው ላይ አይከፈትም። አዲስ አበባ ያለ ስቱዲዮ ፋይል ሲልክላችሁ በ11 ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ። መውጫው ኤክስፖርት ሲደረግ «ስፕሊት ሚክሰር ትራክስ» የሚለውን አብርቶ እያንዳንዱን ትራክ በዌቭ እንዲልኩ ማስደረግ ነው። ሪፐር ላይ ይኸው ሥራ ሬንደር ውስጥ ሶርሱን «ስቴምስ» በማለት ይሠራል።

አሁን ወደ ዋጋው። የኤፍኤል ትንሹ እትም ፍሩቲ 99 ዶላር ነው፤ ሰውም ዋጋውን አይቶ ይዘላል። ፍሩቲ ግን ድምፅ አይቀዳም!  ለድምፃዊ ስቱዲዮ ያ ገንዘብ ገደል ገባ ማለት ነው። የሚቀዳው ፕሮዲዩሰር 180 ዶላር ገደማ ነው። ከቅኝት የወጣ ድምፅ ማቃኛው ኒውቶን ደግሞ ከሲግኒቸር እትም በታች የለም፤ እሱ ወደ 270 ዶላር ይጠጋል። ሪፐር በግል ለሚሠራና ከሥራው በዓመት ከ20,000 ዶላር በታች ለሚያገኝ ድርጅት 60 ዶላር ነው፤ ወሎ ውስጥ ከዚያ በላይ የሚያገኝ ስቱዲዮ ካለ ይህን ጽሑፍ አያነብም። ለስሌት ያህል ዶላሩን በ150 ብር እንያዘው፦ ሪፐር 9,000፣ ፍሩቲ 14,850፣ ፕሮዲዩሰር 27,000፣ ሲግኒቸር 40,500 ብር። ዶላር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለ ወዲህ ይህ ቁጥር ቆሞ አያውቅም፤ በምትከፍሉበት ቀን ባንኩ የለጠፈውን አባዙበት። ሌላውን የመቅጃ ፕሮግራም፣ ኩቤዝን፣ የሚያነሱም አሉ፤ ሙሉው ከ500 ዶላር በላይ ስለሆነ እዚሁ ይቁም።

ለኤፍኤል መሟገቻ የሚሆነው፣ አንዴ ከተገዛ ማሻሻያው ዕድሜ ልክ ነፃ መሆኑ ነው። ሪፐር የሚያስከፍላችሁ ለሁለት ትውልድ ነው፤ በ7 የተገዛ ፈቃድ 8 እስኪያልቅ ይሠራል። ግን ነፃው ማሻሻያ ፊቱንም ይዞ ይመጣል። ኤፍኤል ከ21 ጀምሮ የሰጠው ቲም (የመልክ ምርጫ) ቀለም ይቀይራል እንጂ የቁልፎቹን አቀማመጥ ወደ ድሮው አይመልስም። ሪፐር እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 7 ሲያልፍ መልኩን ቀይሯል፤ ነገር ግን የ5 እና የ6 መልክ አብሮ ተጭኖ ይመጣል። ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ቲምስ ብሎ አሮጌውን መምረጥ ብቻ ነው። ሞተሩ አዲስ፣ ፊቱ የለመዳችሁት። ስለ ፊት መቀየር ከልቡ የሚጨቃጨቅ ሰው ገንዘቡን እዚህ ማዋል ነበረበት።

ለኛ ሙዚቃ ሪፐር ያለው ትልቁ ነገር ቅኝት ነው። ሚዲ ኤዲተሩ (ኖታ የሚጻፍበት መስኮት) ግርጌ ላይ «ኪ ስናፕ» የሚል ሳጥን አለ፤ ስታበሩት በማውስ የምታስቀምጡት ኖታ ከመረጣችሁት ስኬል አይወጣም። የስኬሎቹ ዝርዝር ያለበት ፋይል ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። አንድ መስመር 12 አሃዝ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ አንድ፤ የሌለው ኖታ ዜሮ ነው። የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡና ውስጡ ካሉት መስመሮች አንዱን ገልብጣችሁ ስሙንና አሃዞቹን ብቻ ቀይሩ። ትዝታ ሜጀር 102030040500፣ ትዝታ ማይነር 102300045000፣ ባቲ 100023040005፣ አምባሰል 120003045000፣ አንቺ ሆዬ 120003400500። አብሮት የሚመጣው ድምፅ ማቃኛ፣ ሪቹን፣ ላይም እነዚሁኑ ኖታዎች ብቻ በእጅ አብሩ። ከሲ ተነሥቶ አምባሰል የሚዘፍን ሰው ድምፅ ላይ «ሲ ሜጀር» ብላችሁ ከለቀቃችሁት ዲ ፍላቷን ወደ ሲ ወይም ወደ ዲ ይጎትታታል፤ ዘፈኑ አምባሰል መሆኑ እዚያ ላይ ያበቃል። ማሲንቆ ላይ ግን ጨርሶ አታድርጉት። የማሲንቆ ጣት በኖታዎቹ መካከል ነው የሚሄደው፣ 12 አሃዝ አይበቃውም።

መንዙማ ለሚቀዳም ነገሩ ያው ነው። ጭብጨባውና ድቤው በሜትሮኖም አይሄድም፤ ኤፍኤል ሁሉን በፓተርን ሳጥን ሊከት ይፈልጋል። ሪፐር ላይ ሜትሮኖሙንም ስናፑንም (የተቀዳውን ከምቱ መስመር ጋር የሚያጣብቀውን) አጥፍታችሁ በአንድ ጊዜ አውጪውን በአንድ ትራክ፣ ተቀባዮቹን በሌላ ትቀዳላችሁ። ለዚህ ሁለት ግቤት ያለው ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክ ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን) ያስፈልጋል። ቪ8 እየተባለ የሚሸጠው ባለ መብራት ሳውንድ ካርድ ለስልክ ላይቭ የተሠራ ነው፤ ማይኮቹን ቀላቅሎ፣ ኢኮውን ጨምሮ ይልካል፤ አንዴ ከተቀዳ ኢኮውን የሚያወጣላችሁ የለም። ከርካሹ ሁሉ ውዱ እሱ ነው።

የሪፐር ጉድለት መደበቅ የለበትም፦ ባዶ ቤት ነው። የተዘጋጀ የከበሮ ድምፅ የለውም፣ ቤዝ የለውም፣ ከደካማ ሲንትና ድምፁን ራሳችሁ ከምትጭኑበት ሳምፕለር በቀር መሣሪያ የለውም። ኤፍኤል ከፍታችሁ በ10 ደቂቃ ቢት ትሠራላችሁ፤ ሪፐር ላይ ነፃ ፕለጊን (ተጨማሪ የመሣሪያ ድምፅ) ስታወርዱ ትውላላችሁ። ያማሃ ወይም ኮርግ ኪቦርድ ያለው ሰው ግን ይህ አይነካውም፤ የኪቦርዱን ድምፅ በመስመር አስገብቶ በኦዲዮ ይቀዳዋል። በኤፍኤል ፒያኖ ሮል የለመደ እጅ በሪፐር ሚዲ ኤዲተር መበሳጨቱም አይቀርም።

ሁለቱንም ሳትከፍሉ ሞክሩ። የኤፍኤል ሙከራ ጊዜ አይገድብም፤ ሴቭም ያደርጋል፣ ግን እስክትገዙት ሴቭ ያደረጋችሁትን መልሶ አይከፍትም። ስለዚህ ሥራው ሳይዘጋ በዌቭ አውጡት፤ መብራት ከሄደ ግን ሄደ። ሪፐር 60 ቀን ምንም ሳይጎድል ይሠራል። ሲጫን «ፖርተብል» የሚለውን ከመረጣችሁ ከነሴቲንጉ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፤ ከሐይቅ ወይም ከወልድያ ይዛችሁት መጥታችሁ በሰው ኮምፒውተር መሥራት ትችላላችሁ። ፕሪፈረንስ ውስጥ ባክአፕ ገብታችሁ በየ5 ደቂቃው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ እዘዙት።

ሲከፈል የሚበላሸው ስሙ ላይ ነው። የብር ካርድ ውጭ አገር ስለማይከፍል ብዙው ሰው ዘመድ ያስገዛል፤ ዘመዱም በራሱ ኢሜይል ይመዘግበዋል። የኤፍኤል ፈቃድ ከአካውንቱ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ኮምፒውተር በቀየራችሁ ቁጥር የአሜሪካውን የአጎት ልጅ ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሱ ትኖራላችሁ። አስቀድማችሁ በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት ክፈቱ፣ እሱ ካርዱን ብቻ ያስገባ። የሪፐር ፈቃድ በኢሜይል የሚላክ ትንሽ ፋይል ነው። ስሙ የእናንተ መሆኑን አይታችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ከላፕቶፑ ውጭ ይሁን።